አሥራ ሰባት በር፣ አንድ ጭረት

በር ላይ በጠመኔ የተጻፈን ነገር ዞሮ መጥቶ የሚያነበው ማን ነው?

እማማ ባፈና ከቅዳሜ ጧት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ቢያወጡት ቢያወርዱት መልስ አጡለት። የጻፈችዋን ያውቋታል፤ እፊታቸው ቆማ ነው የጻፈችው። እጇን ሳይቀር አይተዋል፣ ቀጭን፣ ብርድ ያቀላው የልጅ እጅ። የጠፋባቸው አንባቢው ነው። እሳቸው ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ ሰው ናቸውና፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው እንደሚያነበው ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በጫማ ነው።

ደብረ ብርሃን ዳር፣ ከአንኮበር በኩል የሚመጣው ነፋስ ከተማውን ከመንካቱ በፊት ቀድሞ የሚጎበኘው አንድ መንደር አለ። አሥራ ሰባት የቆርቆሮ በር እንደ ተማሪ ሰልፍ በአንድ መስመር ተደርድሯል። የእማማ ባፈና ዘጠነኛው ነው። ከግራ ቢቆጠር ዘጠነኛ፣ ከቀኝም ቢቆጠር ዘጠነኛ፤ ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም እያሉ ሁልጊዜ ይጽናኑበት ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው አድማሱ፣ ልጃቸው ራሔልና የራሔል ልጅ የሁለት ዓመቱ ቃለ አብ ናቸው። ራሔል ፋብሪካ ፈረቃ ስለምትገባ ልጁ የሚውለው ከአያቱ ጋር ነው። እማማ ባፈና ልጁን ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከሰው ዐይን፣ ከባጃጅ፣ ከውሻ፣ ከውሻ ከሚሸሽ ድመት፣ ከቆመ ውሃና ከሚፈስ ውሃ ሲጠብቁ ይውሉና፣ ደክሟቸው ሲተኙ ደግሞ በሕልማቸው ይጠብቁታል።

ያን ዕለት ራሔል ስትወጣ፣ "እማዬ፣ ዛሬ የልምሻ ጠብታ የሚሰጡ ልጆች ቤት ለቤት ይመጣሉ። ድርብ ፈረቃ ስላለኝ ነገ ነው የምመለሰው፤ ቃልዬን አስቀምሺልኝ" አለች።

"እሺ" አሉ። እሳቸው እሺ ሲሉ "ሰምቻለሁ" ማለታቸው እንጂ "አደርገዋለሁ" ማለታቸው እንዳልሆነ፣ ራሔል በሰላሳ ዓመቷ ገና አልገባትም።

ሦስት ሰዓት ላይ "ቤቶች" የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ባፈና ቃለ አብን ከመሬት አፈፍ አደረጉት፤ አልጋ ላይ አጋደሙት፣ ዳቦ አስያዙት፣ ሁለት ጋቢ ደረቡበትና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። በሩ ላይ የቆመችው ቅድስት ናት፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፤ በትከሻዋ የበረዶ ሳጥን፣ በእጇ ጠመኔ።

"እንደምን አደሩ እማማ። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?"

"የለም።"

"ጎረቤት አንድ አለ ብሎኝ ነበር።"

"ነበረ። አንኮበር ሄዷል።"

"መቼ?"

"አሁን።"

ቅድስት ወደ ደፉ ጎንበስ አለች። እዚያ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ጫማ ከነአቻዋ ተጋድማለች። "ይቺ ጫማስ የማን ናት?"

"የወንድሜ።"

አድማሱ በሩ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው፤ የሚያደርገው ጫማ አርባ አራት ቁጥር ነው፣ ያም ሲገኝ። ሁሉም ወደ እግሩ ተመለከቱ። አድማሱም አብሮ ተመለከተ።

"ለበዓል ብቻ ነው የማደርጋት" አለ። "ስለምትጠበኝ።"

በዚህ መሀል ከጋቢው ሥር ማስነጠስ ተሰማ፤ የጫጩት የምታህል ማስነጠስ። እማማ ባፈና ጊዜ ሳያጠፉ፣ የራሳቸው እንደሆነች ለማስመሰል፣ አፍንጫቸውን ይዘው ደገሟት።

"ይማርዎት" አለች ቅድስት። "ሁለታችሁንም።"

አልተከራከረችም። ጠመኔዋን አንስታ በሩ ላይ ዘጠኝ ቁጥርን፣ ቀኑን፣ ከሥሩም አንድ ምልክት ጻፈችና "ነገ እንመለሳለን እማማ" ብላ ወደ ቀጣዩ በር አለፈች።

እማማ ባፈና በሩ ፊት ተገትረው ቀሩ። ምልክቱ ኤክስ ነው። ስምንተኛውን በር ዞረው አዩ፤ ራይት። ቅድስት ሠርታ ስትጨርስ ጠብቀው ዐሥረኛውን አዩ፤ ራይት። ከዳር እስከ ዳር ቢሄዱ አሥራ ስድስቱም ራይት ነው። በሰባት ዓመት ትምህርት አንድ ቀን ኤክስ ያላዩ ሴትዮ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አዩ፤ ያውም በራሳቸው በር።

"ጥረጊያት" አለ አድማሱ። "ምን ታያታለሽ እታለም፣ እንትፍ በይና ጥረጊያት።"

"እማዬ እንደጠረገችው?"

"እማዬ በጨርቅ ነው የጠረገችው። ምራቅ አልሞከረችም።"

ይኼ የቤተሰቡ የቆየ ወሬ ነው። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አንኮበር፣ እናታቸው ቤት፣ ሁለት ሰዎች ደብተርና ጠመኔ ይዘው መጡ። ለክትባት ነው አሉ፤ ስንት ልጅ አለ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ስሙ ማን ነው። እናታቸው የሰው ልጅ የሚቆጥር መንግሥት መጣልን ብላ በሶ በጥብጣ አጠጣቻቸው። በሩ ላይ ጽፈው ሄዱ። ወዲያው ጎረቤት መጥቶ "አንቺ ሞኝ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ነው የሚመዘግቡት" ሲላት፣ እርጥብ ጨርቅ አንስታ በሩን እንደ ሳህን አጠበችው፤ አድማሱንም ጎታ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ሰዎቹ ተመለሱ፤ የተጻፈበትን በር ሁሉ ዘለው የታጠበው በር ፊት ቆሙ። የሚደመስስ የሚደብቀው ቢኖር ነው አሉ። አድማሱ ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ገለባ እንደለበሰ ከጎታው ወጣ፣ እናቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሄደ። የተመለሰው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፣ አንድ እግሩን እየጎተተ። በእግሩ የጎደለው አፉ ላይ ተጨምሮ ነው መሰል፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ያየው የለም።

"እነሱስ አልዋሹም" ይላል እስከ ዛሬ። "ካምፕ እንደገባን በአንድ ቀን ሰባት መርፌ ወጉን። ለክትባት ነው አሉ፣ ከተቡን። ከክትባቱ በኋላስ ወዴት ነው ብለን ያልጠየቅነው እኛ ነን።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እማማ ባፈና ግን ልጡን አይተው አልሮጡም፤ ቁጭ ብለው አሰቡ። ቢሮጡ ይሻል ነበር።

ሐሳባቸው እንዲህ ነው። መደምሰስ አይሞከርም፤ የተደመሰሰ በር ምን እንደሚያመጣ ታይቷል። ኤክሱን ራይት ለማድረግ ደግሞ መደምሰስ ያስፈልጋል። ራይትን ግን ኤክስ ለማድረግ ምንም አይደመሰስም፤ አንዲት ጭረት መጨመር ብቻ ነው። በሩ ሁሉ ኤክስ ከሆነ ማን ከማን ይለያል? አንባቢው የፈለገው ቢሆን፣ ከመንግሥትም ይምጣ ከሰማይ፣ አሥራ ሰባት ኤክስ ሲያይ ግራ ገብቶት ይመለሳል። ይህን ሲያስቡ ደስ አላቸው። ሰባተኛ ክፍል ለካ በከንቱ አልቀረም።

ቅዳሜ ገበያ ነው። አምስት ሰዓት ላይ መንደሩ ተጠቅልሎ ገበያ ወርዷል። እማማ ባፈና ቃለ አብን ለአድማሱ አስታቅፈው፣ ገበያ ሊወርድ ሱቁን እየቆለፈ ካለው ከቴዎፍሎስ ዘንድ ሄዱ።

"ጠመኔ አለህ ልጄ?"

"አለ እማማ። ማስተማር ሊጀምሩ ነው?"

"ለጉንዳን ነው። ዙሪያውን ሲያሰምሩበት አይገባም ይላሉ።"

"በዚህ ብርድ ጉንዳን አለ?"

"ብርድ የለመደ ጉንዳን ነው።"

ቴዎፍሎስ ራሱን እየነቀነቀ ሰጣቸውና ሄደ። እማማ ባፈና ግራ ቀኝ አዩ፤ ሰው የለም። ከመጀመሪያው በር፣ ከራሱ ከቴዎፍሎስ በር ጀመሩ። አንድ ጭረት፣ ጭር። እንደ ሌባ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ረጋ አሉ። አራተኛው የቄስ ገብረመንፈስቅዱስ በር ስለሆነ መጀመሪያ ተሳለሙ፣ ከዚያ ጫሩ። ስድስተኛው ላይ እግራቸው ቀለል አላቸው። ዐሥራ አንደኛው ላይ እያንጎራጎሩ መሆናቸውን ራሳቸው ሰሙት። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ የመንደሩ ውሻ ተቀላቀላቸው፤ ከበር በር ጭራውን እየቆላ አጀባቸው። አርባ ዓመት የተሸከሙትን ፍርሃት ለየጎረቤቱ ትንሽ ትንሽ እያካፈሉ የሚሄዱ መሰላቸው፤ ለካ ፍርሃት እንደ ጠበል ጻዲቅ ቢያካፍሉት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው በር የነመልካሙ ነው። መልካሙና ሚስቱ ዝናሽ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ መጠለያው ሲጠባቸው እዚህ አንዲት ክፍል ተከራዩ፣ መልካሙም በፈረስ ጋሪ እየሠራ ይኖራሉ። በራቸው ላይ የልጅ ሹራብ ታጥቦ ተሰጥቷል። እማማ ባፈና ሹራቡን ፈቀቅ አደረጉ፣ ጫሩ፣ ሹራቡን በጥንቃቄ መለሱ።

አድማሱ ልጁን በትከሻው ይዞ ከሩቅ ሲያያቸው ቆይቷል። "በአንድ ቀን የቀበሌ ሊቀመንበር ሆንሽ" አለ ሲመለሱ። "ሹመቱ መቼ ነው የሚከበረው?"

"አፍህን ያዝ።"

"እይዛለሁ፤ ግን አንድ እጄ ልጅ ይዟል።"

ሕዝቡ ከገበያ ተመለሰ። እማማ ባፈና በመስኮት ቀዳዳ ተሰይመው፣ አንድም ሰው ልብ አይልም ብለው ጠበቁ። ለሰንበት ቤተ ክርስቲያን ከሄዱት ከቄሱ በቀር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልብ ያላለ አልነበረም።

ቴዎፍሎስ በሩን አይቶ የያዘውን ዶሮ ለቀቀ። "ሊያፈርሱን ነው" አለ። ከዚህ በፊት የነበረው ሱቅ መንገድ ዳር ነበር፤ ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ ግድግዳው ላይ የተደረገው ምልክት ቀይ ኤክስ ነው። "ያኔ በቀይ ነበር፣ አሁን ነጭ ሆኗል እንጂ ነገሩ ያው ነው" እያለ መደርደሪያውን ማውረድ ጀመረ። ያመለጠው ዶሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሥራውን ተመለከተ።

አምስተኛው በር ያለችው በላይነሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የታያት። ባለፈው ዘይት ሲታደል በር ላይ ተጽፎ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ያን ጊዜ ዘግይታ ቀርቶባታል። ስለዚህ ከልጇ ደብተር መሀል ጠመኔ ፈልጋ፣ ከኤክሱ ጎን ሌላ ኤክስ ጨመረች። ቤተሰቤ ሰፊ ነው ለማለት ነው።

ከመልካሙ ቤት ግን ምንም አልተሰማም። ዝናሽ ወጣች፣ ሹራቡን አነሳች፣ በሩን አየች፣ ገባች። በሩም ተዘጋ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪና መጣ። ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ ተጭኗል፤ ውስጡ ቅድስት፣ ከበላይ የመጡ ተቆጣጣሪና አንድ ሾፌር አሉ። ቅድስት በማለዳ ያመለጣትን አንድ ልጅ ልታገኝ ለብቻዋ መጥታ ነበር፤ የመንደሩን በሮች ስታይ ግን በስንት መቶ በር ላይ የጻፈችው ተምታቶባት፣ ደንግጣ ተመልሳ ለአለቃዋ ነገረች። አንድ ሙሉ መንደር አልቀበልም ብሏል። መኪናው ገና ሳይቆም ሞንታርቦው ጀመረ፦

"የተከበራችሁ የዚህ መንደር ነዋሪዎች፣ ለምን እምቢ እንዳላችሁ ልንወያይ መጥተናል።"

"ማን እምቢ አለ?" አለ ቴዎፍሎስ፣ በመደርደሪያ ተሸሽጎ። "ካሣውን ንገሩንና እንወጣለን።"

"የምን ካሣ?"

"ዘይቱ ስንት ሊትር ነው?" አለች በላይነሽ ከኋላ።

ተቆጣጣሪው መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ። ከዚያ የበላይነሽን በር አይተው ወደ ቅድስት ዞሩ። "ይቺ ቤት ሁለት ጊዜ ነው እንዴ እምቢ ያለችው?"

"ግዴለም፣ የሃይማኖት አባት አስጠርቻለሁ፤ እሳቸው ይመክሩልናል" አሉ ቀጥለው። የተጠሩት አባት ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስለ ልጆች ጤና መናገር ጀመሩ። ጥሩ አድርገው እየተናገሩ ሳለ ዐይናቸው አራተኛው በር ላይ አረፈ።

"የእኔም ቤት?" አሉ። "እኔ እኮ ትናንት አምስት ልጆቼን አሰልፌ አስቀምሻለሁ። አንዱ እንዲያውም ጣፍጦት ሁለተኛ ተሰልፎ ነው ያወጣሁት።"

ቅድስት ይኼኔ ነቃች። "ልጆች፣ ጣት" አለች። ከየቤቱ ልጅ እየዘለለ መጣ፤ ትናንት ጠብታውን የቀመሰ ሁሉ የተቀባውን ትንሿን ጣቱን ዘረጋ። ወይን ጠጅ ቀለም የነካው ጣት እንደ አደይ ሜዳውን ሞላው። በሩ እምቢ ብሏል፣ ጣቱ እሺ ብሏል። ተቆጣጣሪው ከጣት ወደ በር፣ ከበር ወደ ጣት ሲያዩ አንገታቸው ደከመ።

"ራይቴ ላይ ጭረት ጨምረውበታል" አለች ቅድስት አንዱን በር ጠጋ ብላ አይታ። "ጠመኔ ያለው ማን ነው?"

ቴዎፍሎስ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ። "ጠመኔስ እማማ ባፈና ናቸው የገዙኝ። ግን ለጉንዳን ነው።"

ሕዝቡ በሙሉ ወደ ዘጠነኛው በር ዞረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለመደበቅ የደከሙት ሴትዮ መንደሩን ከነመኪናው፣ ከነሞንታርቦው፣ ከነመስቀሉ በራቸው ላይ አቆሙት። አሁንም ግን ሽንፈትን አልተቀበሉም። "ጉንዳን አለ" አሉ በመስኮቱ በኩል። "ብዙ ጉንዳን አለ።"

"እኔን ሳይቀር ነክሶኛል" አለ አድማሱ። "እግሬን አታዩትም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምናልባት በሳቁ ያልፍ ነበር። ነገር ግን በመኪናው ኋላ ጋሪ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። መልካሙ ፈረሱን እየሳበ ነው። ጋሪው ላይ ፍራሽ ታስሯል፣ ድስት ታስሯል፣ ትልቁ ልጅ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ዝናሽ ትንሿን አዝላ ከኋላ ትከተላለች። ማንንም አላዩም፤ ማንም እንዲያያቸው አልፈለጉም።

እማማ ባፈና ከመስኮቱ ራቁ። እንዴት እንደወጡ አያውቁትም፤ ብቻ ራሳቸውን ፈረሱ ፊት አገኙት።

"መልካሙ፣ ወዴት ነው?"

"ጫጫ ከተማ የምናውቀው ሰው አለ እማማ። ከዚያ ወዲያ እናያለን።"

"የናንተ በር ብቻ አይደለም እኮ። ሁሉም ላይ ነው የተጻፈው።"

"በደህና ይዋሉ እማማ" አለች ዝናሽ፣ በጣም በትሕትና። "እኛ በር ላይ የተጻፈ ነገር ቆመን አናነብም። ልጅ አዝለን ነው የምናነበው።"

እማማ ባፈና ልጓሙን ያዙ። ፈረስ ይፈራሉ፤ ቃለ አብን ከሚጠብቁባቸው ነገሮች ፈረስ አንዱ ነው። ቢሆንም ያዙ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አሉ። "የማንም እጅ የለበትም። እኔ ነኝ፣ በዚች እጄ። የእኔ በር ብቻውን ኤክስ ሆኖ ፈራሁ። ልጁን ደብቄ ዋሸሁ፣ ከዚያ ሁላችሁንም እኔን አስመሰልኳችሁ። ፍራሹን አውርድ ልጄ፤ የሚሄድ ካለ እኔ ነኝ የምሄደው።"

ፈረሱም ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ።

"ታዲያ ዘይቱ ቀረ?" አለች በላይነሽ።

ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ ቄሱ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መልካሙ ብቻ አልሳቀም፤ እማማ ባፈናን ትንሽ አያቸው፣ ከዚያ ወደ ጋሪው ዞሮ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ሲፈታ ትከሻው ወረደ፤ ዝናሽም መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋን ጠረገች፣ ስትጠርግም ሳቀች።

እማማ ባፈና አጠገቧ ቁጭ አሉ። "የአንቺ ልጆች ጣት ግን ተቀብቷል። አንቺ ያን ሁሉ አይተሽ እንዴት አምነሽ ሰጠሻቸው?"

"አምኜ አይደለም" አለች ዝናሽ። "ስንመጣ መንገድ ላይ አንድ ልምሻ የያዘው ልጅ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመቱ። አባቱ አዝሎት ነው የመጣው፣ ያን ሁሉ አገር። ለመሸሽም እግር ያስፈልጋል እማማ።"

ቅድስት መጥታ እፊታቸው ተንበረከከች። የበረዶ ሳጥኗ ትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ።

"አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ እማማ ባፈና። "በር ላይ የምትጽፊውን ማን ነው የሚያነበው?"

"እኔ።"

"አንቺ?"

"እኔ ነኝ እማማ። የትኛው ቤት እንደቀረኝ እንዳልረሳ ነው። እረሳለሁ፤ ቤቱ ብዙ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዝናብ ያጥበዋል።"

እማማ ባፈና አንድ ቀን ሙሉ የተብሰከሰኩበት ጥያቄ መልሱ ይኼ ብቻ ነው ብለው ማመን አቃታቸው። "ያኔም ለክትባት ነው ብለውን ነበር" አሉ በቀስታ፣ የአድማሱን እግር በዐይናቸው እያሳዩ።

ቅድስት እግሩን አየች። "የእኔም አያት ደብቃኝ ነበር፣ ሰላ ድንጋይ፣ ጥጃ ቤት" አለች።

"ከዚያስ?"

"ጥጃው ረገጠኝና ጮህኩ።"

"ጎሽ ጥጃው" አለ አድማሱ።

"እስከ ስድስት ሰዓት ከመኪናው አጠገብ ነን" አለች ልጅቷ እየተነሳች። "ማንም ቤትዎ አይገባም፣ ማንም አያስገድድዎትም። ካልመጡ ግን የእርስዎን ኤክስ አልደመስሰውም። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፤ የእርስዎ እውነት ስለሆነ።"

እማማ ባፈና ቤት ገቡ። አድማሱ ተከተላቸው። ቃለ አብ በዚያ ሁሉ ግርግር የተረሳውን ጠመኔ አግኝቶ፣ ወለሉን፣ አልጋውን፣ የራሱን ሆድ ሳይቀር ጭሮት ጨርሷል። የቀረውን እየበላው ነበር። አያቱ ከአፉ በጣት አወጡለትና አፉን በነጠላቸው ጠረጉለት።

ከውጭ የቴዎፍሎስ መደርደሪያ ወደ ቦታው ሲመለስ ይንኳኳል። ልጆች "እኔም፣ እኔም" ይላሉ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው።

"ይቺን ጠብታ እኔ ባገኛት" አለ አድማሱ ወንበሩ ላይ እየተደላደለ። "ሰባት መርፌ የወጉኝ ሰዎች በጠብታ ቢጀምሩ ምን ነበረበት። ጣፋጭ ናት አሉ፤ የቄሱ ልጅ ሁለተኛ ተሰልፎባት የለ።"

"አድማሱ።"

"ደግሞ ጣት መቀባቱ። እኛን ቢቀቡን ኖሮ ስንጠፋ በጣታችን..."

"አድማሱ፣ ያን ቀን ለምን ዝም ብለህ ወጣህ?"

አርባ አንድ ዓመት ያልጠየቁት ነው። አድማሱ አፉን ከፈተ። አንድ ቀልድ እስከ ጥርሱ ድረስ መጣለት፣ ታየ፤ ተመለሰ። አፉን ዘጋ። በመንደሩ የማንም ዐይን ያላየው ነገር ነውና እማማ ባፈና ፈሩ።

መልሱን አልጠበቁም። ጎንበስ ብለው ከደፉ ላይ ቢጫዋን ጫማ አነሱ። አራገፏት። የቃለ አብን ቀኝ እግር በመዳፋቸው ይዘው አሞቁት፣ አምስቱንም ጣት ቆጠሩ፣ አጠለቁለት። ግራውንም አሞቁ፣ ቆጠሩ፣ አጠለቁ። ሁለቱንም አጥብቀው አሰሩለት። ልጁ እግሩን መሬት ላይ ጠብ ጠብ አደረገና ሳቀ። ከዚያ ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። እንደገና ሞከሩ። አልጋውን ይዘው እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

አድማሱ እህቱን አየ። ልጁን አየ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ፤ ቃለ አብን አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠው፤ እግሩን እየጎተተ፣ ኤክሱ ያለበትን በር ከፍቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።